ቱታ የለበሰው ተቆጣጣሪ

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ያን ቀን ሦስት ኩባያ ሻይ ጠጥታ አንዱም አልወረደላትም። የተማሪዎች ውጤት እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ በኢንተርኔት ለበላይ መሥሪያ ቤት መላክ ነበረበት። ከአሥራ አንዱ የመምህራን ላፕቶፕ ግን አንድም የተገናኘ የለም፤ የጥገና ሠራተኛውም ቢጠራ ቢጠራ አልመጣም።

ይህ አልበቃ ብሎ ሌላ ወሬ ሰምታለች። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪዎቹን ማንነታቸውን ደብቆ ወደ ትምህርት ቤቶች ይልካል አሉ። አንዱ ዛፍ ቆራጭ መስሎ ገብቶ፣ የማዶ ሰፈሩን ርዕሰ መምህር ከወንበሩ አስነስቶታል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ ሰው የመምህራኑን ክፍል በቀስታ አንኳኳ።

«ዛሬ ገና መጣህ?» አለችው ምክትሏ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንጠራህ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከሥራ አልለቅ ብለውኝ ነው።» ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ነገሩ በጣም ብሷል?»

«ብሷል ወይ ትለኛለህ? ጠዋት ብቅ ይላል፤ አራት ሰዓት ሲሆን እልም! ባለበት ሰዓትም ቢሆን ቀርፋፋ ነው።»

«እቤት እኮ ደህና ነው» አለ ሰውየው ቅር እያለው።

«እቤትህ ደህና መሆኑ ለእኛ ምን ይረባናል? ና ግባ!»

«እኔ እንኳን የመጣሁት…»

«የመጣህበትን እናውቃለን። ሰዓት የለንም!» ክንዱን ይዛ ጥግ ላይ ካለችው ትንሽ ሣጥን ፊት አቆመችው። ኢንተርኔቱን የምታድለው እሷ ነበረች።

ሰውየው ሣጥኗን አየ፤ መምህራኑን አየ፤ መሬቱን አየ። ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የተጋደመ ገመድ አነሳ።

«ይሄ የምንድነው?»

ማንም አላወቀም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት የያዘው የሻይ ማፍያው ነበር። ሰውየው ማፍያውን ነቅሎ ገመዱን ሰካው። የሣጥኗ መብራቶች ቦግ ቦግ አሉ። ምክትሏ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ሻይ የሚፈላው በማን ትእዛዝ እንደሆነ ትዝ ሲላት መስኮት መስኮቱን አየች።

ከዚያ ሰውየው ላፕቶፖቹን ተራ በተራ አጥፍቶ ማብራት ያዘ። የመጀመሪያው ተገናኘ። ሁለተኛው ተገናኘ። ሦስተኛው የሒሳብ መምህሩ ላፕቶፕ ነበር፤ ስሙ ተለጥፎበታል። እዚያ ሲደርስ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ገለጥ አድርጎ አየ።

«የስምንተኛ ‹ለ› ክፍል ኃላፊ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ…»

«ተማሪ ሲያጠፋ ምን ያደርጋሉ? ይመክራሉ፣ ወይስ ከክፍል ያስወጣሉ?»

የሒሳብ መምህሩ ትን አለው። ምክትሏ አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አየችው። ክብ ማኅተም አለበት!

«ተቆጣጣሪው ነው!» አለች ለታሪክ መምህሯ በሹክሹክታ። ሹክሹክታው በአፍታ ክፍሉን አዳረሰ።

«ምነው ቆመው?» አለች ምክትሏ ወንበሯን እየገፋችለት። «እዚህ ይቀመጡ እንጂ ጌታዬ!»

ሰውየው ማን ገባ ብሎ ዞር አለ።

«እኔ?» አለ የሒሳብ መምህሩ ላቡን እየጠረገ። «ተማሪ ከክፍል ላስወጣ? ዝንብ እንኳን አስወጥቼ አላውቅም!» ያን ዕለት ጠዋት ብቻ ሁለት አስወጥቶ ነበር።

«እኛ ጋ ልጅ ሲያጠፋ እንደ እናት ነው የምንመክረው» አለች የታሪክ መምህሯ። የስፖርት መምህሩ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ ማንም ሳያዘው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንዲህ መሆናችሁን መች አወቅሁ!» አለ። «እኔ ስፈራ ነው የከረምኩት።»

ምክትሏ ተስፋዋ ለመለመ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አንዱም ላፕቶፕ ሠራ፤ ውጤቱ ተላከ። መምህራኑ እጃቸውን አጣምረው ተሰለፉ። ምክትሏ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ ከእኛ የሚጠብቁት ነገር ካለ አይሸሽጉን። ዛሬውኑ እንፈጽመዋለን።»

ሰውየው ካስቀመጠችው ወንበር ተነሳ። ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሸ ቆየ።

«ፈቃዳችሁ ከሆነማ» አለ፣ «ልጄን ‹ወላጅህን ካላመጣህ አትገባም› ብላችሁ ይሄን ወረቀት አስይዛችሁት ነበር፤ ይኸው መጣሁ፤ አሁን ክፍል ይግባልኝ?»