ያዘመመችው መኪና

እህል ነጋዴው ዓለምነው የጭነት መኪናውን ሸጦ ያገለገለች የቅንጦት የቤት መኪና ከገዛ ወዲህ ልቡ አላረፈም። መኪናዋ ባዶዋን ቆማ እንኳ፣ ሰው እንደተሳፈረባት ሁሉ፣ ከኋላ በግራ በኩል ዝቅ ትላለች። የደብረ ታቦሩ መካኒክ አዳነ የዚያን ጎን ሞላ ሁለት ጊዜ ቀየረላት። አንዱ ሞላ ብቻ የበሬ ዋጋ ያወጣል። መኪናዋ ግን ከጋራዡ ወጥታ ከከተማው አጠገብ ያለችው ጋፋት ሳትደርስ ትዘምማለች።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ ዓለምነው በሆዱ። አዳነ አዲሱን ዕቃ አስቀርቶ አሮጌውን መልሶ የሚገጥምበት መሰለው። ስለዚህ እንደገና ሲወስዳት ከአጠገቡ ንቅንቅ አልልም አለ።

«ጋሼ፣ ጠረጠሩኝ መሰል» አለ አዳነ፣ ከሥራው ቀና ሳይል።

«በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ሥራህን ሥራ።»

አዲሱ ሞላ ከካርቶኑ ሲወጣ አየ፤ ሲታሰርም አየ። አዳነ ክሪኩን አወረደ። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ የኋላው ግራ ጎን እንደ ልማዱ ወረደ።

ዓለምነው በዚያው ጎን የኋላውን በር ከፍቶ ወንበሩን ዳሰሰ። ማንም የለበትም፤ ቆዳው ግን ይሞቃል። እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ያን ጊዜ የወረደው ጎን በዝግታ ተነሣና መኪናዋ ተስተካክላ ቆመች።

«ይኸው፣ እሺ አለች» አለ አዳነ።

ወዲያው ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ያለው ባዶ የፊት ወንበር ሲጢጥ አለ። መኪናዋም በዚያ በኩል ዝቅ አለች።