በሙጫ የተለጠፉት

ልጅቷ ከቡሬ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቀረች። አልጋ ሥር የደበቀቻቸው አሥራ ሁለት ሥዕሎች በሙሉ የጭቃ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። እናቷ እጇ በዱቄት ሙጫ ተለውሶ የመጨረሻውን ሥዕል በመዳፏ እየደባበሰች ነበር።

«ነገ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው» አለች እናቷ ሳትዞር። «ሥዕል እንጀራ አይሆንሽም እያልኩ ስጨቀጭቅሽ ኖርኩ። ትናንት ቤት ስጠርግ አገኘኋቸውና አንዱ ላይ የሣልሽውን የአባትሽን እርፍ አያያዝ ሳይ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንግዲህ እንደ ወትሮው ጋዜጣ ከምለጥፍ፣ ሰው ሁሉ የልጄን የእጅ ሥራ ይይልኝ ብዬ ነው።»

ልጅቷ በሩ አጠገብ ያለውን ሥዕል ጠርዝ በጥፍሯ ቀስ አድርጋ አነሳችው። ወረቀቱ ጭቃውን ይዞ መቀደድ ሲጀምር እጇን መለሰች። ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ወስዳ ሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት የምታስረክባቸው እነዚህኑ ነበር። የማስረከቢያው ቀንም ነገ ያበቃል።

እናቷ ዞር ብላ ፊቷን አየችና ደነገጠች። «ምነው ልጄ፣ አጣመምኩት እንዴ?»

«ኧረ ቀጥ ብሏል፣ እማዬ።»

ልጅቷ ከሙጫው ሳህን በጣቷ ጠቅሳ፣ ያነሳችውን ጠርዝ መልሳ ለጠፈችው።