የአራት ሰው ምሳ ዕቃ

ወይንሸት ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ሽሮው እንደ ድሮው ለአራት ሰው የሚበቃ ነበር፤ እጇ ልማዱን አልተወም። በውሃ ጽሕፈት ቤቱ ግን የሠራተኛውን እውቀት የሚሰበስበው የኮምፒውተር ሲስተም ከገባ ወዲህ አብሮ መብላት ቀርቷል። ሠራተኛ የሚያውቀውን ለሲስተሙ እንጂ ለባልደረባው መንገር ስለተከለከለ፣ ምሳም በየተራ፣ ለየብቻ ሆኗል።

ዛሬ የቧንቧ ጠጋኙ ጋሽ ደምሰው ተራቸው ሳይደርስ ገቡ።

«እንብላ አይባልም እንዴ፣ ልጄ?»

ማን ልኳቸው ይሆን? ባለፈው ወር አለቆቹ አንዲት ጓደኛዋን እንዲሁ ሰው ልከው ፈትነው አባረዋታል።

«እንብላ፣ ጋሼ» አለች፣ እየቀፈፋት።

አጠገቧ ተቀምጠው አጎረሷትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ ቆፋሪዎቹን ስትልኪ ካርታውን አትከተዪ። ዋናው ቧንቧ የሚያልፈው ከዋርካው ሥር ነው።»

«ለሲስተሙ ለምን አልነገሩትም?»

«ያለኝን ሁሉ ከሰጠሁት፣ እኔን ምን ሊያደርጉኝ ያቆዩኛል?»

ወጥመድ ነው፣ አለች በልቧ። ጉርሻውን እንኳ በቅጡ ሳትውጥ ሄዳ የሰማችውን ሁሉ ለሲስተሙ ነገረች።

በማግስቱ ቧንቧው እንዳሉት ከዋርካው ሥር ተገኘ። የጋሽ ደምሰው መታወቂያ ግን የጽሕፈት ቤቱን በር አልከፍት አለ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ወይንሸት ምሳዋን ስትቋጥር፣ እጇ ሳታዘው ለአንድ ሰው ብቻ ይጨልፋል።