የጠገራው ድምፅ

የቴሌግራሙ ቡድን ሰዎች አሮጌ ሳንቲም ሊገዙ ሲሉ የሚያማክሩት አንድ ጡረተኛ ነበር።

“ፎቶ አትመኑ! ሻጩ ብሩን እብነ በረድ ላይ ጥሎ ድምፁን ቀድቶ ካልላከላችሁ፣ ሌባ ነው በሉ” ይላቸዋል። ጆሯቸው እንዲለምድም የገዛ ጠገራ ብሩን እያቃጨለ ቀድቶ ልኮላቸው ነበር። ያንን ጠገራ ሚስቱ ይመናሹ ስትታመም ለማሳከሚያ ሸጠው። ጠገራውም ሄደ፣ እሷም አልተረፈችም።

ዘንድሮ አንድ ሻጭ የዚያን ጠገራ አምሳያ ቡድኑ ላይ ለሽያጭ አወጣ።

“መጀመሪያ ድምፁን ላክ” አለው።

“እሺ ጋሼ፣ ምን ችግር አለ!”

ድምፁ መጣ። እንደ ደወል የጠራ፣ የብር ድምፅ። ከጡረታው ያጠራቀመውን ሁሉ ላከለት።

ጠገራው ሲደርሰው እብነ በረዱ ላይ ጣለው። እንደ ቆርኪ ኮሽ ብሎ ዝም አለ። ሻጩ ጋ ደወለ፤ ስልኩ ተዘግቷል።

የተላከለትን ድምፅ እንደገና ከፈተው፤ ያን ጊዜ በደስታ ቸኩሎ አቋርጦት ነበር፣ አሁን እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ብሩ አቃጨለ፣ አቃጨለና ጸጥ አለ። ከኋላ የሴት ድምፅ ተከተለ።

“አንተ ሰውዬ፣ ያን ብር ተወውና ና! ምሳው ቀዘቀዘ እኮ” አለች ይመናሹ።