ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ካፊያ

የጉዞ ወኪሉ «በነሐሴ መጨረሻ ደሴቲቱ ላይ ጠዋት ፀሐይ ነው፤ ከሰዓት ትንሽ ካፊያ» ብሏቸው ነበር። በደረሱ ማግስት ማዕበል ተነሣና ጀልባዎቹ ሁሉ ቆሙ።

የባሏ ወንድም ይርጋ የደወለላት ያን ዕለት ነው። «አባባ አረፉ። ነገ እንቀብራለን። አደራሽን እንዳይሰማ! እዚህ ሲገባ በጠዋት ተሰብስበን እናረዳዋለን።»

ደግነቱ ባሏ ያን ዕለት ጠዋት አንድ ስልክ ካነጋገረ በኋላ «ጫጉላ ላይ ነን እኮ» ብሎ ስልኩን አጥፍቶት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ክፍል ውስጥ ታፍነው ሰነበቱ። መስኮቱን እንዳይከፍቱት ንፋሱ፣ እንዳይዘጉት ሙቀቱ። አባቱ በሚቀበሩበት ሰዓት እሱ ካርታ ሲያድላት ሳቀችለት። እንባዋ ሲመጣባት ሻወር ቤት ገብታ ውሃውን ትከፍታለች። እሱ ደግሞ ጭራሽ ቀልዱ ባሰበት። የገዛችለትን ባለ አበባ ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ያስቃታል። ሲተኛ እንኳ አላወለቀውም።

«ኧረ አውልቀው፣ በዚህ ሙቀት!»

«የጫጉላዬን ሸሚዝ? ሞቼ ነው!»

ባሕሩ በረድ ያለ ቀን ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ጀልባው ሮጡ። ሰማዩ ጠርቷል።

«ይኸው፣ ወኪሉ አልዋሸም! ፀሐይ!» አለና ሻንጣዋን ለማቀበል ጎንበስ አለ።

የቀረው ንፋስ ሸሚዙን ከጀርባው ገለበው። ከሥሩ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው የሠራበት ጥቁር ካናቴራ ለብሷል።