ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ካስቀነሰች ዓመት ሞላት። ለሥራ ባልደረቦቿ ግን «በእግር ጉዞ ነው የከሳሁት» ብላ ዋሽታለች። ከሦስት ማንኪያ ካለፈች ስለሚያስመልሳት፣ ከምሳዋ የተረፋትን በላስቲክ ቋጥራ፣ ለማጥበብ አምጥታ ከሥራ ቦታው በር ጀርባ በሰቀለችው አሮጌ ቀሚሷ ኪስ ትደብቀዋለች። ወደ ቤት ስትወጣ ልትጥለው ስትል ላስቲኩ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ለማን ይነገራል? የሆዷን በሆዷ ይዛ ከረመች።

ዛሬ አለቃዋ፣ «ልጄ፣ ይሄ ቀሚስ ከረመ እኮ። አጥብቢውና ልበሽው» አሏት።

ሁሉም እያዩዋት ሜትሯን እንደተሰቀለ ቀሚሱ ወገብ ላይ አዞረች። ሜትሩ አልደርስ አላት። ጨርቁ ይሞቃል፤ ቁልፎቹ ተወጥረዋል። ከአንገትጌው ውስጥ የጥጋብ ግሳት ወጣ፤ ከዚያም የራሷ ድምፅ፣ እንዳፈረ ሰው ዝቅ ብሎ፣ «ይቅርታ» አለ።