ብቻውን ሊሰማው የፈለገው ውጤት

«ዛሬ ኔት ሊዘጋ ነው አሉ» አለ ኤልያብ አሁንም፤ «ድንበሩ ላይ ቶጎጫሌ ከጠዋት ጀምሮ የለም አሉ።» አብሮት የሚያስተምረው ዓይነ ስውሩ የሺጥላ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰካ። የዝውውሩን ውጤት ብቻውን በጆሮ ማዳመጫ ሊሰማ ወደ እስከዳር ኮምፒውተር ቤት ቢመጣም፣ ኤልያብ ተከትሎት ገብቷል።

ጽሑፍ የሚያነብለት ኤክስቴንሽን ግን የትኛውም ድረ ገጽ ላይ አልሠራ አለ። እስከዳር አጥፍታ እንደገና ጫነችው፤ ብሮውዘሩንም ዘግታ ከፈተችው። ማንም ሳያስተምራት የለመደችው ሙያ ሰው ፊት ሊያዋርዳት ሆነ።

«አንቺንም አቃተሽ?» አለ ኤልያብ።

«አፍ የሚዘጋ ኤክስቴንሽን ባገኝ ላንተ ነበር የምጭነው» አለችው ዞር ሳትል።

«በቃ፣ ኔቱ ሳይሄድ አንብቢልኝ» አላት የሺጥላ፤ «ቀስ ብለሽ።»

ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ አነበበችለት፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነበር። ሚስቱ ወዳለችበት ደብረ ብርሃን የጠየቀው ዝውውር አልተፈቀደም። ኤልያብ ወሬውን ትቶ «አይዞህ ወንድሜ» አለው። የሺጥላ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወጣ በጣቱ እንደተጫነው ቀረ።

እስከዳር ኤክስቴንሽኑን ልታጠፋ ቅንብሩን ስትከፍት፣ «ድረ ገጾችን እንዲያነብ ፍቀድ» የሚል ማብሪያ አየች። አልበራም ነበር።